ዝም ላለ ፕሮጀክት ሁሉ ወራሽ አይፈለግም

በክፍት ምንጭ ሶፍትዌር ሠሪዎች ዘንድ እንደ ደግነት የሚታይ አንድ ልማድ አለ። ፕሮጀክቱ ለወራት ድምፁ ሲጠፋ ሞተ ይባላል፤ የያዘው ሰው «ካልቻልክ ለሚችል ልቀቅ» እየተባለ ይወተወታል፤ በመጨረሻም ቀድሞ ብቅ ላለው ፈቃደኛ ስሙን ከነሙሉ ሥልጣኑ ያስረክባል። ይህ ልማድ መቅረት አለበት።

እ.ኤ.አ. በ2018 የሆነውን እናስታውስ። ኢቨንት ስትሪም የተባለው የጃቫስክሪፕት ጥቅል በሳምንት ሁለት ሚሊዮን ጊዜ ገደማ ይወርድ ነበር። ደራሲው ሥራውን ከተወው ቆይቷል። በኢሜይል «እኔ ልያዘው» ላለው ለማያውቀው ሰው አስረከበ። ተረካቢውም ብዙ ሳይቆይ የቢትኮይን ቦርሳ የሚመዘብር ኮድ አስገባበት። ውግዘቱ በሰጪው ላይ ወረደ። ሰውየው ግን ያደረገው ሌሎች ሲመክሩት የኖሩትን ነው።

የኤክስዜድ ታሪክ ይብሳል። ይህ ፋይል ማመቂያ በአብዛኞቹ የሊኑክስ ሥርዓቶች ውስጥ አለ፤ ፊንላንዳዊው ላሴ ኮሊን ያለ ክፍያ በትርፍ ጊዜው ይዞት ኖሯል። በ2022 ማንነታቸው የማይታወቅ ሰዎች «ሥራው ተጓተተ፣ ሌላ ሰው ይግባበት» እያሉ አጣደፉት። የአእምሮ ጤንነቱ እንዳስቸገረው፣ የሚከፈለው እንደሌለም ነገራቸው። አልተዉትም። ጂያ ታን በሚል ስም በትጋት ሲያግዝ የቆየው ሰው ቀስ በቀስ ሥልጣን አገኘ፤ በ2024 መጀመሪያ በወጣው 5.6.0 ሥሪትም ሥውር መግቢያ፣ የጓሮ በር የሚባለውን፣ ከፈተ። የተደረሰበት አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ የማይክሮሶፍት መሐንዲስ የርቀት መግቢያ በሆነው በኤስኤስኤች ሲገባ ግማሽ ሰከንድ ያህል መዘግየቱ አልዋጥልህ ስላለው ነው። ወትዋቾቹ የሰርጎ ገቡ ተባባሪዎች እንደነበሩ በሰፊው ይታመናል። ያኔ ግን ማንም አልጠረጠራቸውም፤ እንዲያ ያለ ወቀሳ በየፕሮጀክቱ በየቀኑ የሚሰማ ነበርና።

ስም ማስረከብ ማኅተም እንደ ማስረከብ ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚወጣው ሁሉ በቀድሞው ሰው ታማኝነት ይታመናል። ኮዱማ መቼም ታስሮ አያውቅም! ፈቃዱ ራሱ ገልብጦ በሌላ ስም መቀጠልን ይፈቅዳል። እሠራለሁ የሚል በራሱ ስም ይሥራና ተጠቃሚው አይቶ ይከተለው።

«ታዲያ በአሮጌው ስም የቀሩት ተጠቃሚዎች የደኅንነት ማስተካከያ ከየት ያገኛሉ?» የሚለው ጥያቄ ከባድ ነው። አንዳንዶቹ ሳያገኙ ይቀራሉ፤ ይህን መካድ አይቻልም። ግን ያዥ እንደሌለው በይፋ የተጻፈበት ፕሮጀክት፣ በማይታወቅ ሰው እጅ ሆኖ ሕያው ከሚመስለው ይሻላል። የሊኑክስ ሥርጭቱ ዴቢያን ያዥ ያጣ ጥቅልን «ወላጅ አልባ» ብሎ በግልጽ ይመዘግባል፤ ሙሉ አባል ሆኖ በራሱ ሥልጣን ጥቅል ለመጫን የሚሻውም ማንነቱን በነባር አባላት ማስመስከር አለበት። የኮድ ማኖሪያው ጊትሃብም ከ2017 ጀምሮ ፕሮጀክትን ለንባብ ብቻ አድርጎ መዝጋት ይፈቅዳል።

ደግሞስ ዝምታ ሁሉ ሞት ነው ያለው ማን ነው? ቴክ በተባለው የዶናልድ ክኑት የጽሑፍ ማቀናበሪያ ላይ አዲስ ነገር አይጨመርም፤ ስሕተት ሲታረም ብቻ የሥሪቱ ቁጥር በአንድ አኃዝ ወደ ፓይ ይጠጋል። በ2021 3.141592653 ደርሷል። ያለቀ ሥራ እንዲህ ነው።

በሌላ በኩል፣ ያበቃን ፕሮጀክት ስም አልዘጋም ብሎ ሕያው አስመስሎ ማቆየትም የዚያው በሽታ ሌላ ገጽታ ነው። አፓቺ የተባለው የሶፍትዌር ድርጅት ያበቁ ፕሮጀክቶችን የሚያኖርበት ክፍል ከ2008 ጀምሮ አለው። የቢሮ ሶፍትዌሩ ኦፕንኦፊስ ግን፣ በ2016 ከራሱ ውስጥ የመዝጋት ሐሳብ ቢነሣም፣ እዚያ አልገባም፤ በ2014 በተጀመረው 4.1 ሥሪት ላይ ጥቃቅን እርማት እየጨመረ ይኖራል። ከእርሱ ተገንጥሎ በ2010 የተነሣው ሊብረኦፊስ ርቆ ሄዷል። ስሙን ብቻ የሚያውቅ ሰው ዛሬም አሮጌውን ያወርዳል። ሊብረኦፊሶች በ2020 በግልጽ ደብዳቤ የጠየቁት ተጠቃሚው የእነርሱን መኖር እንዲያውቅ ብቻ ነበር። በማውረጃው ገጽ ላይ ይህን አንድ መስመር መጻፍ ምን ይከብዳል?