ለበሬ ዋስ የሚጠራ አገር ለጠመንጃ ዋስ አጣ

አርብ ገበያ ላይ በሬ የሚገዛ የታች ጋይንት ገበሬ አይቸኩልም። አፉን ከፍቶ በጥርሱ ዕድሜውን ያያል። ሻኛውን ይዳብሳል፣ ወዲያና ወዲህ ያስኬደዋል፣ ሰኮናውን ያያል። ይህን ሁሉ አድርጎም ገንዘቡን አይቆጥርም። «ዋስ ጥራ!» ይላል። ሻጩ አገር የሚያውቀው ሰው ይጠራል። በሬው ነገ የሌላ ሰው ሆኖ ቢገኝ፣ ዋሱ ይጠየቃል። ይህን ሥርዓት ያወጣው የንግድ ሚኒስቴር አይደለም። አባቶች ናቸው።

ይኸው ጠንቃቃ ገበሬ ክላሽ ሲገዛ ግን ሌላ ሰው ይሆናል። የበሬን ዋጋ ስንት እጥፍ የሚያስከፍል ብረት በደላላ ሹክሹክታ፣ ከመሸ በኋላ፣ በባትሪ ብርሃን አይቶ ይገዛል። ደረሰኝ የለም። ዋስ የለም። ሻጩ ስሙን አይናገርም፣ ገዢውም አይጠይቅም። ሲነጋ ሁለቱ አይተዋወቁም።

ከጉና ግርጌ እስከ በሽሎ ገደል፣ በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ፣ አንድ ገበሬ በዕድሜው ከሚገዛቸው ዕቃዎች ሁሉ ውዱ ብዙ ጊዜ ጠመንጃ ነው። ከሁሉም ዕቃ ደግሞ ምንም ዋስትና የሌለው እሱ ነው። ስለ ጠመንጃ ብዙ ተብሏል፤ ተዘፍኗል፣ ተፎክሯል፣ ታውጇል። ይህን ግን የሚናገረው የለም።

አንድ የስማዳ ገበሬ ይታሰብ። ሁለት በሬዎቹን ሸጧል፣ ከዘመድ ተበድሯል፣ ክላሹን ይዞ ቤቱ ገብቷል። በማግሥቱ በቀን ብርሃን ሲያየው፣ በአፈሙዙ ጫፍ ላይ የምትጠመዘዘው ቁራጭ ብረት ጠማማ ናት። ጥርሷ ተበልቷል፣ ሲነኳት ትነቃነቃለች።

ይህች ቁራጭ ለጌጥ የተቀመጠች አይደለችም። ከ1959 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተሠራው የተሻሻለው ክላሽንኮቭ ጫፍ ላይ ያለችው አፏ ተቆርጦ የተንጋደደች ቁራጭ፣ ተኩስ ሲደጋገም አፈሙዙ ወደ ላይ እየሸሸ ዒላማውን እንዳይስት ጋዙን በአንድ ወገን ትገፋለች። ጥይቱ የሚወጣው በመሃሏ ነው። በትክክል ካልገጠመች ጥይቱ ጠርዟን ይመታል። ያን ጊዜ ወይ ጥይቱ አቅጣጫውን ይስታል፣ ወይ ቁራጯ ተነቅላ ትበራለች። በፊቷ ማን እንደቆመ አትመርጥም።

ታዲያ ይህ ሰው አቤት የሚለው ወዴት ነው?

ወደ ሻጩ እንዳይሄድ ሻጩን አያውቀውም። ወደ ደላላው ቢሄድ «እኔ አገናኘሁ እንጂ አልሸጥኩም» ይባላል። ወደ ፖሊስ ቢሄድ የሚጠብቀው የመጀመሪያ ጥያቄ «ምኑ ተበላሸ?» የሚል አይደለም፤ «ከየት አመጣኸው?» የሚል ነው። ፍርድ ቤት ቢሄድ ሕገ ወጥ ውል ፈራሽ ነውና ገና ከበሩ ይመለሳል። ፋብሪካው ደግሞ ባሕር ማዶ ነው፤ ዕቃው በስንት እጅ እንዳለፈ አያውቅም።

የቀረው አንድ በር ነው። የመስኮትና የበር ፍሬም የሚበይድ፣ የወፍጮ ዘንግ የሚያስተካክል ቶርኖ ቤት በጓሮ በኩል መግባት። ባለሙያው በሥራው የተመሰገነ ሊሆን ይችላል፣ ጠመንጃ ግን ተምሮ አያውቅም። ልኩን በዓይኑ ገምቶ ይቆርጣል፣ ይበይዳል፣ «በል እግዜር ያውቅልሃል» ብሎ ይሸኛል። ዋስትናው ይህ ነው። ፈተናው የሚደረገው ደግሞ በሠርግ ወይም በለቅሶ ቀን፣ ልጆች ተሰብስበው «ተኩስ!» ሲሉ ነው።

በሌላው ዓለም እንዲህ ያለ ቁራጭ የተበላሸበት ሰው ምን ያደርጋል? አሜሪካ ውስጥ ከሱቅ የገዛ ሰው ዕቃውን ጠቅልሎ ለሠራው ኩባንያ በፖስታ ይልካል። ኩባንያው ዋስትና ሰጥቶ ከሆነ ይመረምራል፣ ይጠግናል ወይም ይለውጣል። ሬሚንግተን የተባለው የአሜሪካ ጠመንጃ ሠሪ በ2014 እ.ኤ.አ. «ሞዴል 700» የተባለው ጠመንጃው ላይ በተገጠመ የቃታ ክፍል ጉድለት ምክንያት፣ የተሸጡትን «መልሱልኝ» ብሎ በይፋ ጠርቷል።

ይህ የሆነው የዚያ አገር ነጋዴ ከጋይንት ደላላ ይልቅ ፈሪሃ እግዚአብሔር ስላለው አይደለም። ስሙ ብረቱ ላይ ስለተጻፈ ነው። ደረሰኝ ስለቆረጠ ነው። የሚከሰስበት አድራሻ ስላለው ነው። ዋስትና የደግነት ጉዳይ አይደለም፤ መጥፊያ የማጣት ጉዳይ ነው።

እንግሊዞች ከዚህም አልፈው ሄደዋል። በለንደን የጠመንጃ ሠሪዎች ማኅበር ከ1637 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ በበርሚንግሃም ደግሞ ከ1813 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አፈሙዝ የሚፈተንበት ቤት አለ። ጠመንጃው ከመሸጡ በፊት ከተለመደው በላይ በሆነ ኃይል ይተኮስበታል። ከቻለ ማኅተም ይመታበታል፣ ካልቻለ እዚያው ይቀራል። ብረቱ የሚፈተነው በፈተናው ቤት ነው፤ በገዢው ፊት ላይ አይደለም። የአፈሙዝ ፈተናን የሚደነግግ ሌላ ሕግ የእንግሊዝ ፓርላማ ያወጣው በ1868 እ.ኤ.አ. ነው።

ይህ ዓመት ለደቡብ ጎንደር ሰው ባዕድ አይደለም። በኛ አቆጣጠር 1860 ዓ.ም. ነው፤ የመቅደላ ዓመት።

አጼ ቴዎድሮስ ከደብረ ታቦር ደጃፍ፣ ጋፋት ላይ፣ አውሮፓውያን ሚስዮናውያንን ሰብስበው መድፍ ያሠሩ ነበር። ትልቁ «ሴባስቶፖል» ወደ 70 ኩንታል ይመዝናል ይባላል። በጥቅምት 1860 ዓ.ም. ደብረ ታቦርን ለቅቀው ሲወጡ መድፎቹን አስከትለው፣ መንገድ እየጠረጉ፣ ድንጋይ እየፈነቀሉ፣ በጋይንት በኩል፣ በጨጨሆ አድርገው ወደ ዋድላ አሻገሯቸው። መቅደላ ሲደርሱ መጋቢት ሆኖ ነበር። ግማሽ ዓመት ሙሉ የሠራዊት ጉልበት ያለቀው በእነዚያ ብረቶች ላይ ነው።

ሚያዝያ 3 ቀን፣ በስቅለት ዕለት፣ እሮጌ ላይ ውጊያው ሲከፈት፣ ያን ያህል ከተደከመባቸው ትላልቅ መድፎች አንዱ ገና በመጀመሪያው ተኩስ ፈነዳ። የተማመኑበት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ማለት ይኸው ነው። ከሦስት ቀን በኋላ ንጉሡም አልነበሩም።

ንጉሠ ነገሥት እንኳ የተበላሸ መሣሪያ የሚመልሱበት ደጅ አልነበራቸውም። ከዚያ ወዲህ ከ150 ዓመት በላይ አለፈ። የጋፋት ስም ዛሬ ለመንግሥት የጦር መሣሪያ ፋብሪካ መጠሪያ ሆኗል። መድፎቹ ባለፉበት መንገድ ዳር የሚኖረው ገበሬ ግን ዛሬም የብረቱን ጉድለት የሚያውቀው ሲፈነዳበት ነው። ስሙን ወረስን፣ ትምህርቱን ተውነው።

ሕግ የለም ማለት አይቻልም፤ ሕግስ ሞልቷል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2287 ላይ ሻጭ የሸጠው ዕቃ ከጉድለት ነጻ ስለመሆኑ ለገዢው ዋስ መሆን አለበት ይላል። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ደግሞ፣ ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች በ15 ቀን ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ ይችላል ይላል። ጥሩ ሕግ ነው። ይሁን እንጂ ከነፋስ መውጫ እስከ መካነ ኢየሱስ፣ ከዚያም እስከ መርካቶ፣ በሱቅ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ የሚነበበው ሕግ ሌላ ነው፦ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም»። አዋጁን ያነበበው ጥቂት ነው፣ ግድግዳውን ያላነበበ የለም።

በሕጋዊው ገበያ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ በደረሰኝ የተሸጠ የውሃ ፓምፕ ሲበላሽ «መለዋወጫው አልገባም፣ ቆይተህ ና» የሚባል ገበሬ፣ በጨለማ የገዛው ጠመንጃ ሲበላሽ ዝም ቢል አይፈረድበትም። ዝምታውን የተማረው ከሕጋዊው ሱቅ ነው። አቤቱታ ከንቱ እንደሆነ ያስተማረው ፓምፑ ነው።

በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177ም አለ። የተቆጣጣሪነቱን ሥልጣን ለፌዴራል ፖሊስ ሰጥቷል። ዋና ጥያቄው ማን ይያዝ፣ በማን ፈቃድ ይያዝ የሚል ነው። ይህ ተገቢ ጥያቄ ነው። ገበሬው የሚያውቀው ምዝገባ ግን የጠመንጃው ዓይነትና ቁጥር መዝገብ ላይ የሚሰፍርበት ነው። ቁጥሩ ከተጻፈ በኋላ ብረቱ የመንግሥት ዕውቅና አግኝቷል። የአፈሙዙ ጫፍ ቢንጋደድ፣ ቢሰነጠቅ፣ በብየዳ ቢደፈን ቁጥሩን አይለውጠውም። በሬ የሚገዛ ገበሬ ጥርስ ያያል፤ ጠመንጃ የሚመዘግብ መንግሥት ቁጥር ያያል።

እዚህ ላይ «ሕገ ወጥ ጠመንጃ የገዛ ሰው ቢፈነዳበት የራሱ ጉዳይ ነው» የሚል አይጠፋም። ይህ ክርክር ለጆሮ ይጥማል እንጂ አያስኬድም። የምትበረው ቁራጭ ብረት ገዢውን ብቻ መርጣ አትመታም። አጠገቡ የቆመው ሚዜ፣ በአጥሩ በኩል የሚያየው ሕፃን ምንም አልገዛም። ደግሞስ ፈቃድ ሰጥቶ የመዘገበው አካል ያን ብረት «አውቄዋለሁ» ብሎ የለምን? ያወቀ ይጠየቃል። የዋስ ትርጉሙ ይኸው አይደለም?

ሌላው ደግሞ «ክልሉ ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ጦርነት ውስጥ ነው፤ ሰው በጥይት እያለቀ ስለ አፈሙዝ ጫፍ ይወራል?» ይላል። ጥያቄው ከባድ ነው፣ መልስም ይገባዋል። ጦርነት አንድ ቀን ያልፋል፣ ብረቱ ግን አያልፍም። ተኩስ ሲቆም በየቤቱ የሚቀረው በስንት እጅ የተጠጋገነ፣ ማን እንደሠራው ማን እንደበየደው የማይታወቅ መሣሪያ ነው። ያን ጊዜ የሚወርሱት ልጆች ናቸው። ስለ ደኅንነቱ መነጋገር ያለብን ስለዚህ ነው፤ ጦርነቱን ረስተን አይደለም።

ሦስተኛው ጠላት ግን መንግሥትም ደላላም አይደለም። ኩራት ነው። በዚህ አገር ሰው መሣሪያውን አያማም። «ጠመንጃዬ ጠማማ ነው» ማለት «እኔ ሞኝ ነኝ፣ ተታለልኩ» ማለት ሆኖ ይቆጠራል። ስለዚህ የተታለለው ዝም ይላል፣ ያታለለው ይቀጥላል። እጁ የተቆረጠው ሰው «ወድቄ ነው» ይላል። በሬው ሲያነክስ ገበያ መሃል የሚጮህ ሰው፣ ሁለት በሬ የከፈለበት ብረት ሲከዳው አፉን ይዘጋል። ከዚህ የበለጠ ለአጭበርባሪ የተመቸ ገበያ ከየት ይገኛል?

መደረግ ያለበት ሩቅ አይደለም። ፈቃድ የሚሰጥ አካል ቁጥር ከመጻፉ በፊት ብረቱን በሚያውቅ ባለሙያ ያስመርምር፤ አደገኛ የሆነውን ለባለቤቱ በግልጽ ይንገረው። ጉድለት ይዞ የመጣ ሰው ጉድለቱን በመናገሩ ብቻ እንደ ወንጀለኛ አይታይ፤ እንዲያ ከሆነ ሁለተኛ የሚመጣ የለም። ንግድ ጽሕፈት ቤቶች ደግሞ ከቀላሉ ይጀምሩ፤ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚለውን ወረቀት ከግድግዳ ያውርዱና በምትኩ የ15 ቀኑን መብት ይለጥፉ። በፓምፕ አቤት ማለትን የተማረ ሰው በሌላውም አቤት ይላል።

ገበሬው ደግሞ ከአባቱ የወረሰውን አንድ ቃል አይርሳ። በአርብ ገበያ፣ በሕዝብ ፊት፣ ለአንድ በሬ «ዋስ ጥራ» የሚል ሰው፣ ዋስ ሊጠራ የማይችል ሻጭ ምን እንደሚሸጥ ሊያውቅ ይገባዋል። ዋስ የማይጠራበት ዕቃ ዋሱ የገዢው ዓይን፣ የገዢው እጅ፣ የገዢው ልጅ ነው።

ለዚህ ዋጋ ደግሞ ደረሰኝ የሚቆርጥ የለም።