ለአዲሱ መምህር ማደሪያ የሚፈልግለት ማነው?

ሰሞኑን «የዛሬ መምህር ገጠር አይቀመጥም፣ ከተማ ከተማ ይለዋል» የሚል ጽሑፍ እዚህም እዚያም እያየሁ ነው። አንዳንዱማ «ሀገር የማይወድ ትውልድ» እስከ ማለት ደርሷል። ጎበዝ፣ ቆይ እስቲ! እኔ ቀየት ነው የምኖረው፣ ልጆቼም እዚሁ አካባቢ ነው የሚማሩት። መምህር ሲመጣም ሲሄድም አያለሁ። ያየሁትን ልናገር።

አዲስ መምህር ምድብ ደርሶት ሲመጣ ሻንጣና ፍራሽ ይዞ ከመኪና ይወርዳል። ደብዳቤውን ያስገባል፣ «ሰኞ ክፍል ትገባለህ» ይባላል፣ በቃ። ዛሬ ማታ የት ታድራለህ ብሎ የሚጠይቀው የለም። አከራዩ «ደሞዝተኛ ነው» ብሎ ለአገሩ ሰው ከሚያከራይበት ዋጋ ይጨምርበታል፣ የሦስት ወር ቅድሚያ አምጣ ይለዋል። የመጀመሪያ ደሞዙ ደግሞ ወረቀቱ እስኪያልቅ ይዘገያል። እስከዚያ ምን ይብላ? ብርዱንስ? ባና ደርበን የምንንቀጠቀጠው እኛ የመንዝ ልጆች ነን፤ ከቆላ የመጣ ልጅ በአንዲት ስስ ብርድ ልብስ ጥቅምትና ኅዳርን እንዴት ይለፈው? ሴት ስትሆን ይብሳል። በሩ በቅጡ የማይዘጋ ክፍል፣ ማታ የሚያንኳኳ ሰካራም፣ ጠዋት ደግሞ የጎረቤት ሐሜት።

በአራተኛው ወር ዝውውር ሲጠይቅ «ሸሸ» እንላለን። ልጄ ክፍል የነበረው የፊዚክስ መምህር እንዲሁ ሆኖ ነው የሄደው። ተተኪ ሳይመጣ ዓመቱ አለቀ፤ ልጆቹ የመጽሐፉን ግማሽ ሳይነኩ ተፈተኑ። ብሔራዊ ፈተና ደግሞ «መምህር ነበራችሁ ወይ?» ብሎ አይጠይቅም። የ12ኛ ክፍል ውጤት አስታውሱ፦ 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው በ2014 ዓ.ም. 3.3 ከመቶ፣ በ2015 ደግሞ 3.2 ከመቶ ነበር። ያኔ ሁላችንም አለቀስን። የመምህሩን ማደሪያ ግን ማን አነሳ?

እንግዳ መቀበል አናውቅም እንዳትሉኝ። የዘመናዊ ትምህርታችን ታሪክ ራሱ ከእንግዳ መምህር ይጀምራል። በ1900 ዓ.ም. የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ሲከፈት ያስተማሩት ከግብፅ የመጡ ቅብጦች ናቸው። በ1955 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን ከ250 በላይ የአሜሪካ የሰላም ጓድ አስተማሪዎች መጥተው በየጠቅላይ ግዛቱ ተበተኑ። እነሱ ገና ከአገራቸው ሳይነሱ አማርኛ እንዲለማመዱ ተደርጓል። የህንዶቹ መምህራን ስምማ ዛሬም ከሽማግሌዎቻችን አፍ አልጠፋም። ዛሬስ ቢሆን ነጭ አስተማሪ መጣ ቢባል ዶሮ የማያርድ ማነው? ከደብረ ታቦር ወይም ከደሴ ለተመደበልን የገዛ ልጃችን ግን የመጀመሪያው ቃላችን «የሦስት ወር ቅድሚያ» ነው።

ወደኋላም ተመልከቱ። የአብነት ተማሪ ቁራሽ ለምኖ የሚያድረው በኛው ደጅ ነበር። የኔታም ጎጆ አላጡም። አያቶቻችን «በጀት አልተያዘም» አላሉም።

አሁን የሚመጣውን መልስ አውቀዋለሁ፦ «ይሄ የመንግሥት ሥራ ነው።» አዎ፣ ነው! መንግሥት በሩቅ ወረዳ ለመደበው መምህር ማደሪያና በወቅቱ የሚደርስ ደሞዝ ማዘጋጀት አለበት፤ ከዚህ ማንም ነጻ አያወጣውም። ግን መንግሥት እስኪያስብ የሚያረጀው የማን ልጅ ነው? የጓሳን ሣር ለ400 ዓመት ገደማ የጠበቀው መንግሥት ነው እንዴ? የመንዝ ሰው ራሱ አለቃ መርጦ፣ ለዓመታት ዘግቶ፣ ጊዜው ሲደርስ ከፍቶ፣ ሕጉን የጣሰውን ቀጥቶ ነው ለቤቱ ክዳን የሚሆነውን ሣር ያቆየው። ሣር በደንብ ያስጠበቀ ሕዝብ መምህር ማስቀመጥ ያቅተዋል ብዬ አላምንም። ታቦት ሲገባ ድንጋይ የምንሸከም፣ ቆርቆሮ የምናዋጣ ሰዎች ነን። ድንጋይ ደግሞ በአገራችን ሞልቷል።

ሰላሙም ደፍርሷል፣ ኑሮውም ከብዷል፤ አልካድኩም። እንዲያውም በእንዲህ ያለ ጊዜ ሰው ከቤቱ ርቆ ሊያስተምርልን መምጣቱ ራሱ ውለታ ነው። የምጠይቀው ነገር ደግሞ ብዙ አይደለም፦

በነሐሴ ወር የወላጅ መምህር ኅብረት የሚከራዩ ክፍሎችን ይመዝግብ፣ ከአከራዮችም ጋር በዋጋ ይስማማ። የመጀመሪያው ደሞዝ እስኪወጣ ድረስ ማንም ቅድሚያ አይጠይቅ። እያንዳንዱ አዲስ መምህር አንድ አባወራ ይያዝለት፤ ውሃው ከየት እንደሚቀዳ፣ ገበያው መቼ እንደሚቆም የሚያሳየው፣ በበዓል ቀን «ና ግባ» የሚለው። ሴት መምህራን የሚያድሩበት ግቢ በሩ ቁልፍ ይኑረው፣ የሚያስቸግራቸውንም ሽማግሌ ይጠይቀው። ከዚያ በትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ ድንጋዩን እኛ አቅርበን፣ ጉልበቱን እኛ አዋጥተን፣ ሁለት ሦስት ክፍል እንሥራ። ለቆርቆሮውና ለሚስማሩ ወረዳውን በአንድ ድምፅ እንጠይቅ፤ ባዶ እጃችንን ከመለመን ግድግዳ አቁሞ መጠየቅ ይሻላል።

ይህን ሳናደርግ መምህሩን «ሸሸ» የሚል ሰው ካለ፣ መጀመሪያ የሚያከራየውን ክፍል ዋጋ ይንገረን። የመንዝ፣ የግሼ፣ የመርሐቤቴ ልጆች፣ አዲስ አበባም ሆናችሁ ውጭ አገር፣ እናንተም ተማሪ ሳላችሁ ያስተማራችሁ እንግዳ መምህር እዚያ ክፍል ውስጥ ብርዱን ችሎ ነው። ባዶ ክፍል ያለው፣ ቆርቆሮ የሚችል፣ ጉልበት ያለው እዚሁ ኮመንት ላይ ይጻፍ። «አሜን» እና «ልክ ነህ» ብቻ ጽፋችሁ አትለፉኝ።