የአንድ ሌሊት እንግዶች በገዛ ከተማችን

ዛሬ ስለ ምርጫም፣ ስለ ድርድርም፣ ስለ መግለጫም አልጽፍም። ስለ ሆቴል ልጽፍ ነው። “ሰውየው ምን ነካው? አገር እንዲህ ሆና እሱ ሆቴል ያወራል!” የምትሉ እንደምትኖሩ አውቃለሁ። እባካችሁ ትንሽ ታገሡኝ። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩን የጀመረው ባለፈው መስከረም ከአዲስ አበባ የመጣ አብሮ አደግ ጓደኛዬ ነው። አምስት ቀን እኛ ቤት ሰነበተ። ከአውሮፕላን ማረፊያ ተቀብዬ በቀጥታ አውሮራ ወሰድኩትና ሀቫና መንገድ ላይ ክትፎ ጋበዝኩት። በማግስቱ ቤተ ክርስቲያን፣ ከዚያ የገበያ ማዕከል፣ ከዚያ እንደገና ሀቫና፣ እንደገና ክትፎ። ዴንቨር 5,280 ጫማ ከፍታ ላይ መሆኗን፣ ሰዎቿም “የማይል ከፍታ ከተማ” እያሉ እንደሚኮሩባት ስነግረው ሳቀብኝ። አዲስ አበባ እኮ ከ7,000 ጫማ በላይ ናት። “ታዲያ እኔ ወደ ቆላ ነዋ የወረድኩት!” አለኝ። በሦስተኛው ቀን ግን ቀልዱን ተወና “አንተ፣ ከተማህ ይቺው ናት? ክትፎውንማ ቦሌም አገኘዋለሁ” አለ።

ምን ልበለው? ከሃያ ዓመት በላይ ኖሬባታለሁ። አሥራ ሦስቱን ዓመት ታክሲ ነድቼባታለሁ። የማላውቀው መንገድ የላትም። የማውቀው ቤት ግን የላትም። እፍረቴን ለመሸፈን ወሬውን ወደ አዲስ አበባ አዞርኩትና “ዶሮ ማነቂያ እንዴት ነው? እነዚያ ሥጋ ቤቶች አሉ?” አልኩት። ዝም ብሎ አየኝ። “የለም” አለ። “ሥጋ ቤቶቹ ተነሱ?” ብለው “ሰፈሩ የለም” አለኝ። በ2024 የኮሪደር ልማት በሚባለው ዘመቻ የፒያሳ ሰፈሮች ሲፈርሱ እኔም እንደናንተው ዜናውን አንብቤያለሁ፤ ተናድጄም ጽፌያለሁ። ግን ለካ በልቤ ውስጥ አልፈረሰም ነበር። ለካ ወሬ ስጠይቅ የነበረው ስለሌለ ሰፈር ነው።

ያን ሌሊት እንቅልፍ እምቢ አለኝ። አስቡት እስቲ ጎበዝ! የማውቃት ከተማ ፈርሳለች። ያለችውን ደግሞ አላውቃትም። ታዲያ እኔ የየት አገር ሰው ነኝ? አበው “እንግዳ በመጀመሪያው ቀን ወርቅ፣ በሁለተኛው ብር፣ በሦስተኛው ብረት ነው” ይላሉ። በዚህ ስሌት እኛማ ብረትነቱንም አልፈን ዝገናል!

በጥር ወር ለባለቤቴ አንድ ሐሳብ አቀረብኩላት። “አንድ ሌሊት ዴንቨር መሃል ከተማ ሆቴል እንደር።” ዓይኗን አፈጠጠች። ከቤታችን አሥር ማይል ለማይርቅ ቦታ? አልጋ ሳይቸግረን? ይህች ሴት አውሮፕላን ማረፊያው አካባቢ በሚገኝ አንድ ሆቴል ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት አልጋ አንጥፋለች። በሆቴል አልጋ ላይ ተኝታ ግን አታውቅም። ይህን እኔም እስከዚያች ቀን ድረስ ልብ ብዬው አላውቅም ነበር፤ ሳስበው አፈርኩ። እሷም ጥቂት አሰብ አድርጋ ከቁም ሣጥኑ አናት ላይ ሻንጣዋን አወረደች።

ስለዚች ሻንጣ አንድ ነገር ልበላችሁ። የተገዛችው በ2018 ክረምት ነው። ያኔ ሁላችንም “ገባን፣ ተገላገልን!” ያልንበት ጊዜ ነበር። ለእናቴ ነጠላ ጫማ፣ ለእህቴ ልጆች ልብስ ገዝተን ሞላናት። ከዚያ የሆነውን ታውቃላችሁ። ዛሬ ነገ ስንል ጦርነቱ መጣ፤ እናቴም ጫማውን ሳታደርገው አረፈች። ልብሱም ለልጆቹ ጠቧቸዋል። ባለቤቴ አንድም ቃል ሳትናገር አንድ በአንድ አውጥታ አልጋው ላይ ደረደረችውና የሁለታችንን የሌሊት ልብስ ከተተችበት።

የሄድነው ብራውን ፓላስ ነው። በ1892 የተከፈተ ሆቴል ነው። በር ላይ ስንቱን መንገደኛ አውርጃለሁ፣ ስንቱን ሻንጣ አውጥቻለሁ! ባለንብረቶቹ ሾፌሮቹ ራሳቸው የሆኑበት ዩኒየን ታክሲ በ2009 ሥራ ሲጀምር ከመካከላችን ብዙዎቹ ሐበሾች ነበሩ። በየሆቴሉ ደጅ ተሰልፈን ስለ አገራችን ፖለቲካ እስኪነጋ እንከራከር ነበር። አንዳችንም ግን ገብተን አይተን አናውቅም።

ሕንፃው ሦስት ማዕዘን ነው። ፍራንክ ኤድብሩክ የተባለው አርክቴክት እንዲህ አድርጎ የነደፈው የባለቤቱ የሄንሪ ብራውን መሬት ሦስት ማዕዘን ስለነበር ነው። ከውስጥ መሃሉ ክፍት ሆኖ በስምንት ፎቅ ሰገነቶች ተከቧል፤ ጣራው ባለቀለም መስታወት ነው። ውሃውን የሚያገኘው ከገዛ ጉድጓዱ መሆኑን ስንሰማ ባለቤቴ “በለኛ፣ ጠበል ነው!” ብላ ሁለት ብርጭቆ ጠጣች። በዚያው በጥር ወር ደግሞ ከተማዋ የምትታወቅበት የከብት ትርዒት ሲካሄድ ያሸነፈውን ሰንጋ ወደዚህ አዳራሽ አስገብተው ሕዝብ ሻይ እየጠጣ እንዲያየው ያደርጋሉ። ከ1940ዎቹ ጀምሮ የመጣ ልማድ ነው። ይህን ስነግራት ሳቋ አዳራሹን ሞላው። “ሰንጋው ከእኛ ቀድሞ ገባ በለኛ!”

ጠዋት ስነቃ አልጋውን እያነጠፈች ነው። “ምን ነካሽ? ከፍለናል እኮ!” አልኳት። “የምትመጣዋ ሴት ዛሬ ስንት ክፍል እንደሚጠብቃት ታውቃለህ?” አለችኝ። ፎጣዎቹን አጥፋ በአንድ ቦታ ከመረች፤ ሃያ ዶላር አውጥታ ብርጭቆው ሥር አስቀመጠች። “አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሳይተዉልኝ የሄዱትን ቆጥሬያለሁ” አለች። ስለ ሠራተኛ መብት ስንት ዓምድ ጽፌ ይሆን? እንዲህ ያለ ዓረፍተ ነገር ግን ከብዕሬ ወጥቶ አያውቅም።

ከሆቴሉ ወጥተን በእግራችን ወደ ሰሜን ምስራቅ አቀናን። ጥቂት መንገድ አለፍ ብሎ የፌዴራሉ ፍርድ ቤት አለ። እዚያ ስንደርስ ቆምን። በቀይ ሽብር ዘመን በአዲስ አበባ ከፍተኛ 15 እስር ቤት ዘብ የነበረው ከፈለኝ ዓለሙ ወርቁ የተፈረደበት ዴንቨር ውስጥ ነው። በ2004 በሌላ ሰው ስም አሜሪካ ገባ፤ ዜግነትም አገኘ፤ እኛው መሃል ኖረ። በ2011 አውሮራ በሚገኝ አንድ የሐበሻ ካፌ ውስጥ የቀድሞ እስረኛው ለይቶ ፊት ለፊት ተጋፈጠው። በ2013 ጥፋተኛ ተባለ፤ በ2014 22 ዓመት ተፈረደበት። ልብ በሉ! የተፈረደበት ስሙን ደብቆና ዋሽቶ ዜግነት በማግኘቱ ነው። ግን የተረፉት ሰዎች በዳኛ ፊት ቆመው ያዩትን ተናግረዋል።

ስንቶቻችን ነን በእነዚያ ዓመታት ከዚያ ሰው ጎን ቡና የጠጣን? ስለ ፍትሕ ጠረጴዛ እየደበደብን ስንከራከር እሱ በወዲያኛው ወንበር ተቀምጦ ይሰማ ነበር ይሆን? “ቢያንስ የሐበሻ ቤቱን እናውቀዋለን” እንላለን እንጂ እሱንም ቢሆን አናውቀውም። ያ ሰው የተገኘው አንድ የቆሰለ ሰው ቀና ብሎ የሰውን ፊት ስላየ ነው። ቦታን ማወቅ ማለት እንግዲህ ይህ ነው። ማን አጠገቤ እንደተቀመጠ ማየት።

ከዚያ የዌልተንን መንገድ ተከትለን ፋይቭ ፖይንትስ ደረስን። የዴንቨር ጥቁሮች ሰፈር የነበረ፣ “የምዕራቡ ሃርለም” የተባለ ቦታ ነው። መንገዶቹ የሚገናኙበት ማዕዘን ላይ ሌላ ሦስት ማዕዘን ሕንፃ ቆሟል። ሮሶኒያን ሆቴል ነው። በ1912 በሌላ ስም ተሠራ፣ በ1929 የአሁኑን ስሙን አገኘ። የጃዝ ዘመን ቤት ነበር። ዱክ ኤሊንግተን፣ ሉዊ አርምስትሮንግና ቢሊ ሆሊዴይ ከተጫወቱበት መካከል ይጠቀሳሉ። ጥቁሮቹ ሙዚቀኞች በመሃል ከተማ ለነጮች ሲጫወቱ ያመሻሉ፤ እንቅልፋቸው ሲመጣ ግን ትልልቆቹ ሆቴሎች አልጋ ይከለክሏቸዋል። ስለዚህ ወደዚህ መጥተው እስኪነጋ ይጫወታሉ። የሚገርመው ኮሎራዶ ውስጥ እንዲህ ያለውን አድልዎ የሚከለክል ሕግ ከ1895 ጀምሮ ነበር። ወረቀት ላይ! እኛም ልክ በመቶ ዓመቱ፣ በ1995፣ አንቀጽ 29ን ያህል የሚያምር የመናገር ነፃነት የጻፈ ሕገ መንግሥት ሥራ ላይ አውለናል። ወረቀትና ኑሮ ምን ያህል እንደሚራራቁ ለእኛ የሚነግረን ሰው አያሻም።

በሩ ተዘግቶ ስላገኘነው በመስኮቱ አሻግረን አየን። ያን ጊዜ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ይኸው ኤሊንግተን በ1973 ከነባንዱ አዲስ አበባ መጥቷል። ከሙላቱ አስታጥቄ ጋር ተገናኝቷል፤ ከአፄ ኃይለ ሥላሴም እጅ ሜዳልያ ተቀብሏል። በገዛ አገሩ አልጋ ያጣ ዘመን ያየ ሰው በእኛ አገር የንጉሥ እንግዳ ሆነ። የእኛ ከተማ እንግዳ መቀበል ታውቅ ነበር ማለት ነው። ይህን ለልጆቼ ነግሬያቸው አላውቅም፤ ራሴም ሁለቱን ነገር አገናኝቼው አላውቅም። ለማገናኘት እዚያ መስኮት ፊት መቆም ነበረብኝ።

መኪናችንን አንስተን ወደ አውሮራ ስንመለስ ማርቲን ሉተር ኪንግ መንገድን ያዝን። እዚያ በስተምስራቅ በኩል አንድ መናፈሻ አለ። ስሙ አክሱም ነው። ዴንቨርና አክሱም ከ1995 ጀምሮ እህትማማች ከተሞች ናቸው፤ አውሮራ ደግሞ የአዳማ እህት ናት። በዚያ መናፈሻ አጠገብ ተሳፋሪ ይዤ ስንት ጊዜ እንዳለፍኩ እግዚአብሔር ይወቀው። በኅዳር 2020 አክሱም ውስጥ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሲቪሎች በኤርትራ ወታደሮች እንደተገደሉ የሰብዓዊ መብት ድርጅቶች መዝግበዋል። እኛ እዚህ በስልካችን ላይ በሁለት ጎራ ተሰልፈን “ሆኗል፣ አልሆነም” እየተባባልን ስንሰዳደብ፣ የከተማዋን ስም የተሸከመ ሣር ከቤቴ ጥቂት ማይል ርቀት ላይ ነበር። ሄጄ አንዲት ሻማ አላበራሁም። ይህ ለማንም የማላሳብበው የራሴ ጉድለት ነው።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ የተማርኩትን ልናገር። ብዙዎቻችን “የምንኖርበትን ከተማ ከወደድን አገራችንን ከዳን” የሚመስለን ሰዎች ነን። ስለዚህ ሻንጣ ሳንፈታ፣ ግድግዳ ላይ ሥዕል ሳንሰቅል፣ የጎረቤት ስም ሳናውቅ አረጀን። በዚህ ኢትዮጵያ ምን አተረፈች? አገራችንን ያስታወሰኝ፣ የከሰሰኝም፣ ያጽናናኝም በአንድ ቀን የእግር መንገድ ያየኋት ዴንቨር ናት። የቆምክበትን መሬት ካላየህ የለቀቅከውንም መልሰህ አታየውም። ታጋይም ብትሆን፣ አልቃሽም ብትሆን፣ እግርህ አንድ ቦታ መርገጥ አለበት።

ስለዚህ ዋሽንግተንም፣ ሚኒያፖሊስም፣ ፍራንክፈርትም ያላችሁ ወገኖቼ፣ አንዲት ቅዳሜ ከካፌው ክርክር ስረቁና በከተማችሁ እንግዳ ሁኑ። ገንዘብ ከሌላችሁ አልጋው ይቅር፤ ሻይ ጠጡ። ሻይውም ከተወደደ በእግራችሁ ዙሩ። ልጆቻችሁን ይዛችሁ ሂዱ፤ ከተማው እኮ የእነሱ ነው።

ማታ ቤት ስንገባ ባለቤቴ ሻንጣዋን አራግፋ ወደ ቁም ሣጥኑ አናት መለሰቻት። አልጋው ላይ የተደረደረውን ልብስ ግን አልመለሰችውም። በማግስቱ አጣጥፋ ለአዲስ መጤ ቤተሰቦች ሰጠችው። የእናቴን ነጠላ ጫማ ብቻ አስቀረች። አሁን በረንዳ ስትወጣ የምታደርገው እሱን ነው።

ጓደኛዬ በሚቀጥለው ዓመት ተመልሶ እመጣለሁ ብሏል። ይምጣ! ክትፎው በመጨረሻው ቀን ይደርሳል።

ቸር እንሰንብት!