«የማንን ልትዘፍን ነው?»

የድምፃውያን ውድድር በቴሌቪዥን የሚከታተል ሰው ሥርዓቱን በቃሉ ያውቀዋል። ወጣቱ ቁጥሩን ደረቱ ላይ ለጥፎ ይገባል። ስሙን ይናገራል፣ የመጣበትን ከተማ ይናገራል፣ አንዱ ዳኛ ፍርሃቱ ቀለል እንዲለው ትንሽ ያጫውተዋል። ከዚያ የማትቀረዋ ጥያቄ ትከተላለች፦ «የማንን ልትዘፍን ነው?» መልሱም የታወቀ ነው፤ የጥላሁንን፣ የአስቴርን፣ የማህሙድን፣ የኤፍሬምን፣ የቴዲን። ወጣቱ ጉሮሮውን ይጠርጋል፣ ዓይኑን ይጨፍናል፣ ይጀምራል።

ጥያቄዋ እንዲያው ለወግ የምትጠየቅ ትመስላለች። ነገር ግን ውድድሩ ምን እንደሚፈልግና ምን እንደማይፈልግ ከእሷ በላይ የሚናገር የለም። «ምን ይዘህ መጣህ?» አይደለም የሚባለው፤ «የማንን?» ነው። ተወዳዳሪው አፉን ሳይከፍት፣ የሚዘፍነው የሌላ ሰው ዘፈን መሆኑ ተወስኖ አልቋል።

በቅድሚያ ግን ምስጋናውን መስጠት ተገቢ ነው። በ1990ዎቹ መጨረሻ ኢትዮጵያን አይዶል በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሲተላለፍ፣ ሰው ከጎረቤቱ ጋር ተሰብስቦ እየሳቀ፣ እየተናደደ፣ ለዚህ ልጅ እያዘነ፣ በዚያች ልጅ እየኮራ ያይ ነበር። ዳኛው ፈለቀ ኃይሉ ፊት ለፊት በሚሰጠው አስተያየት በየቤቱ መነጋገሪያ ሆኖ ነበር። ከዚያ ወዲህ ባላገሩ አይዶል መጣ፤ ፋና ላምሮት መጣ። ከዚህ ሁሉ በፊት ድምፁ ያማረ የክፍለ ሀገር ልጅ የሚያንኳኳው በር ጥቂት ነበር፦ የወታደር ኦርኬስትራ፣ ኪነት ቡድን፣ ትያትር ቤት፣ የምሽት ክበብ። ለዚያም ቢሆን አዲስ አበባ ላይ የሚያስጠጋ ዘመድ ያስፈልጋል። ውድድሮቹ ዘመድ ለሌለው ልጅ በር ከፍተዋል። ከዚህም ሌላ ቅኝት፣ ስኬል፣ ቴምፖ የሚሉ ቃላት ከሙዚቃ ትምህርት ቤት ወጥተው ሳሎን ገብተዋል። ዛሬ ቡና የምታፈላ እናት «ከቅኝቱ ወጣ» ብላ ስትፈርድ መስማት አይገርምም። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ጥያቄው እነዚህ ልጆች በተከፈተው በር ገብተው የሚደርሱት የት ነው የሚለው ነው።

ተወዳዳሪው መድረክ ላይ የሚወድቅበትን ወጥመድ ልብ ብሎ ማየት ይበቃል። ዘፈኑን የመጀመሪያው ድምፃዊ እንዳዜመው አድርጎ ቢያዜመው «አስመሰልክ እንጂ ራስህን አላየንህም» ይባላል። በራሱ መንገድ ቢያዜመው ደግሞ «ዘፈኑን አበላሸኸው» ይባላል። ሁለቱም ፍርድ ከክፋት የመጣ አይደለም። ዳኛው መለኪያ ይፈልጋል፤ እጁ ላይ ያለው መለኪያ ደግሞ ሰው ሁሉ ለዓመታት ሲሰማው የኖረው የመጀመሪያው ቅጂ ብቻ ነው። የሃያ ዓመት ልጅ ለሃምሳ ዓመት ከተወደደ ዘፈን ጋር ይመዘናል። ሚዛኑ ከወዲሁ ወዴት እንደሚያጋድል ግልጽ ነው።

ተመልካቹም ያው ነው። ሶፋው ላይ ተቀምጦ «ቁርጥ ጥላሁን!» ሲል ትልቁን ሙገሳ የሰጠ ይመስለዋል። በእርግጥ ልጁን እያመሰገነው ነው? ወይስ ጥላሁንን እየናፈቀ ነው? ናፍቆት ነውር የለበትም። ነገር ግን ናፍቆቱን የሚወጣበት ልጅ አንድ ቀን የራሱን ዘፈን ይዞ ሲመጣ ያው ተመልካች «ያኔ ይሻል ነበር» ብሎ ፊቱን ያዞርበታል።

ከዚህ የባሰው ደግሞ «የማንን?» የምትለው ጥያቄ የምትደብቃቸው ሰዎች ጉዳይ ነው።

የአማርኛ ዘፈን የአንድ ሰው ሥራ ሆኖ አያውቅም። ግጥም አለ፣ ዜማ አለ፣ ቅንብር አለ፣ ከዚያ ድምፅ አለ። «የጥላሁን» ከሚባሉት ዘፈኖች ብዙዎቹ ጥላሁን ድምፁን የሰጣቸው እንጂ እሱ የጻፋቸው አይደሉም። በክብር ዘበኛ ኦርኬስትራ ዘመን እንደ ሳህሌ ደጋጎ ያሉ የዜማ ሰዎች ከጀርባው ነበሩ። በካሴት ዘመን እንደ ይልማ ገብረአብ ያሉ ገጣሚያን፣ እንደ አበበ መለሰና አበበ ብርሃኔ ያሉ የዜማ ደራሲያን ለስንቱ ድምፃዊ ሠርተዋል። ኤልያስ መልካ በ2012 ዓ.ም. መስከረም ወር ሲያርፍ፣ አንድ ትውልድ ሲሰማቸው ያደጋቸው አልበሞች ስንቱ በእሱ እጅ እንዳለፉ ብዙ ሰው ያወቀው ከቀብሩ በኋላ ነው። የካሴት ሽፋን ቢያንስ በትናንሽ ፊደል «ግጥም፦ እገሌ፣ ዜማ፦ እገሌ» ይል ነበር። የቴሌቪዥኑ ውድድር ያችን መስመር እንኳ ብዙውን ጊዜ ይረሳታል። ዘፈኑ «የእገሌ» ተብሎ በድምፃዊው ስም ይጠራል፣ ሁለት ደቂቃ ይዘፈናል፣ ወደ ማስታወቂያ ይታለፋል።

ይህ የምስጋና ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ በይሉኝታ ይታለፍ ነበር። ግን ሕግ አለ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለአንድ ሥራ አመንጪ ሁለት ዓይነት መብት ይሰጠዋል። አንደኛው የኢኮኖሚ መብት ነው፤ ሥራው በአደባባይ ሲከወንም ሆነ በብሮድካስት ሲተላለፍ መፍቀድና መጠቀም የእሱ ነው፣ ጥበቃውም በሕይወት ዘመኑ ሁሉና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይዘልቃል። ሁለተኛው የሞራል መብት ነው፤ ሥራው የእሱ መሆኑ እንዲታወቅለት የመጠየቅ መብት። እንግዲህ በስክሪኑ ግርጌ የገጣሚውንና የዜማ ደራሲውን ስም መጻፍ የጣቢያው ደግነት ሳይሆን የባለቤቱ መብት ነው። የሎተሪውንና የባንኩን ማስታወቂያ በዚያው ግርጌ ሲያንሸራሽር የሚያመሽ ጣቢያ ሁለት ስም የሚጽፍበት ቦታ አያጣም።

ሌላው ዓለም ይህን እንዴት ፈታው?

የዘፈን ውድድር ሁሉ እንደ አይዶል አይደለም። ጣሊያኖች እ.ኤ.አ. በ1951 የሳንሬሞን ፌስቲቫል ሲጀምሩ ሃያ አዳዲስ ዘፈኖች ቀረቡ፤ የዘፈኗቸው ግን ሁለት ድምፃውያንና አንድ ጥንድ ብቻ ነበሩ። ምክንያቱም የሚወዳደረው ዘፈኑ እንጂ ዘፋኙ አልነበረም። በኋላም ለብዙ ዓመታት አንዱን ዘፈን ሁለት የተለያዩ ድምፃውያን እየተቀባበሉ ያቀርቡት ነበር። የሳንሬሞን አርአያ ተከትሎ በ1956 የተጀመረው ዩሮቪዥንም እስካሁን የሚቀበለው አዲስ ዘፈን ብቻ ነው፤ የደራሲዎቹም ስም አብሮ ይቀርባል።

የዚህን ልዩነት ጥቅምና ጉዳት በአንድ ሰው ላይ ለማየት ከኢትዮጵያውያን ወላጆች ኢየሩሳሌም የተወለደችውን ኤደን አለነን መመልከት ይቻላል። ኤደን በእስራኤል እ.ኤ.አ. በ2018 ኤክስ ፋክተርን፣ በ2020 ደግሞ ወደ ዩሮቪዥን የሚሄደውን ድምፃዊ የሚመርጠውን የቴሌቪዥን ውድድር አሸነፈች። እዚያ የተመዘነው ድምፅዋ ነው። ካሸነፈች በኋላ ግን «በይ ያንኑ የሰው ዘፈን ይዘሽ ሂጂ» አልተባለችም። አዲስ ዘፈኖች ተሠርተው ከመካከላቸው አንዱ ተመረጠ፤ እሱም የአማርኛ ቃላት ያሉበትና ርዕሱ ራሱ ከአማርኛ የተወሰደ ነበር። የዚያ ዓመት ዩሮቪዥን በኮሮና ምክንያት ሲሰረዝ ደንቡ ያለፈውን ዘፈን መልሶ ማቅረብ ስለማይፈቅድ፣ በ2021 ወደ ሮተርዳም የሄደችው እንደገና አዲስ ዘፈን ተሠርቶላት ነው። በመጨረሻው ዙር 17ኛ ወጣች። ደረጃው ይቅር። ዋናው ነገር ድምፅዋ ከታወቀ በኋላ በዙሪያዋ ገጣሚ፣ የዜማ ደራሲና አቀናባሪ እንዲቀመጡ ያስገደደ አሠራር መኖሩ ነው።

አሜሪካን አይዶልም ቢሆን ይህን ጭራሽ አልዘነጋውም። እ.ኤ.አ. በ2002 የመጀመሪያው ፍጻሜ ላይ ሁለቱ ተፋላሚዎች ለውድድሩ የተሠሩ አዳዲስ ዘፈኖችን፣ ሁለቱም ያንኑ፣ ዘፈኑ። ያሸነፈችው ኬሊ ክላርክሰን ከአምስት ዓመት በኋላ በራሷ ብዕር የተሳተፈችበትን አልበም ለማውጣት ከአሳታሚዎቿ ጋር በአደባባይ መጋጨት ነበረባት። በ2004 ሰባተኛ ወጥታ የተሰናበተችው ጄኒፈር ሃድሰን ደግሞ በ2007 የኦስካር ሽልማት ወሰደች። የሁለቱም ታሪክ አንድ ነገር ይናገራል፦ ውድድሩ ላይ የሚሰጥ ደረጃ የአንድ ምሽት ፍርድ ነው፤ ድምፃዊውን ድምፃዊ የሚያደርገው ከዚያ በኋላ የሚሠራው ሥራ ነው።

ወደ አገር ቤት ሲመለሱም ማስረጃው ቅርብ ነው። የመጀመሪያው የባላገሩ አይዶል አሸናፊ ዳዊት ጽጌ በሕዝብ ዘንድ የታወቀው የቀደምት ድምፃውያንን ዘፈኖች እያሳመረ በማዜም ነው። የራሱን አልበም ይዞ ሲመጣ ግን የመረጠለት ስም «የኔ ዜማ» የሚል ነበር። «የማንን ልትዘፍን ነው?» ተብሎ ለጀመረ ሰው ከዚህ የተሻለ መልስ አይገኝም። መልሱን ለመስጠት ግን ዓመታት ወስዶበታል፤ እሱም አሸናፊው ነው። አራተኛ፣ ስምንተኛ፣ አሥራ ሁለተኛ የወጡት ልጆችስ? ብዙዎቹ ሠርግና ምሽት ክበብ ውስጥ ያንኑ የሰው ዘፈን ይዘው ይቀራሉ።

የጣቢያዎቹ መከራከሪያ የታወቀ ነው። ተመልካች የማያውቀውን ዘፈን አይወድም፤ ጣቢያ ይቀይራል፤ ስፖንሰር ይሸሻል። አዲስ ዘፈን ማሠራት ደግሞ ገንዘብና ጊዜ ይጠይቃል። ጀማሪም በታላላቆቹ ዘፈን ነው የሚማረው። ይህ ሁሉ እውነትነት አለው። ጥላሁንን ሳያንጎራጉር ያደገ የአማርኛ ድምፃዊ ከየት ይመጣል? በመጀመሪያዎቹ ዙሮች የታወቀ ዘፈን መጠቀም ተገቢ ነው፤ ድምፅ ለመለየት ይረዳል። ስህተቱ ፈተናው ከመጀመሪያው ቀን እስከ ፍጻሜው ያው መሆኑ ነው። የንባብ ፈተና ያለፈ ተማሪ አንድ ቀን ድርሰት ጻፍ መባል አለበት።

ተመልካች አዲስ ነገር አይወድም የሚለውም ቢሆን የአዝማሪ ቤትን የረሳ አባባል ነው። እዚያ እንግዳው «ተቀበል!» ብሎ ስንኝ ይወረውራል፣ አዝማሪው ተቀብሎ በማሲንቆው ያዜመዋል፣ ቤቱ በሳቅ ይፈርሳል። ግጥሙን ከዚያች ደቂቃ በፊት የሰማው ማንም የለም። አዲስ ስንኝ እዚያው ሲወለድ እያየ የሚደሰት፣ ሰሙን ትቶ ወርቁን የሚያስስ ሕዝብ አዲስ ዘፈን አይወድም ማለት ሕዝቡን አለማወቅ ነው።

ማድረግ የሚቻለውም ከባድ አይደለም። ከሁሉ በፊት እያንዳንዱ ዘፈን ሲቀርብ ግጥም፣ ዜማና ቅንብር የማን እንደሆነ በስክሪኑ ይጻፍ፤ ባለመብቶቹም የሚገባቸውን ያግኙ። ዳኛውም «የማንን?» ሲል «ግጥሙስ የማን ነው?» ብሎ ይጨምር፤ ልጁ ካላወቀ ለሚቀጥለው ሳምንት አውቆ ይምጣ። ሁለተኛ፣ ከዙሮቹ ቢያንስ አንዱ የአዲስ ዘፈን ዙር ይሁን። በየከተማው ደብተር ሞልተው የሚሰማቸው ያጡ ወጣት ገጣሚያንና የዜማ ደራሲያን አሉ፤ እነሱም ከተወዳዳሪዎቹ ጋር ተጣምረው ይወዳደሩ። ሦስተኛ፣ በፍጻሜው ሁለቱ ተፋላሚዎች አንድ አዲስ ዘፈን በየራሳቸው መንገድ ያዚሙ። ያኔ ዳኛው የሚያመሳክርበት የቆየ ቅጂ አይኖረውም፤ ጆሮውን ማመን ግድ ይሆንበታል። በመጨረሻም ከሽልማቱ ከፊሉ በጥሬ ገንዘብ መሆኑ ቀርቶ የአልበም ሥራ ወጪ ይሁን። ገንዘብ በአንድ ዓመት ያልቃል፤ መኪናም ይሸጣል።

ይህ ሁሉ የሚያስፈልገው ለልጆቹ ብቻ አይደለም። ዛሬ በየመድረኩ የሚዘፈኑት የጥላሁን፣ የብዙነሽ፣ የማህሙድ ዘፈኖች በዘመናቸው አዲስ ነበሩ። አንድ ሰው ግጥማቸውን ጽፎ፣ ሌላው ዜማ ሰጥቶ፣ ኦርኬስትራው ደጋግሞ ተለማምዶ፣ የዚያን ጊዜ አድማጭ ደግሞ ሰምቷቸው የማያውቃቸውን ዘፈኖች ጆሮ ሰጥቶ ስለተቀበላቸው ነው ለዛሬ የደረሱት። የዛሬው ተመልካች ያንኑ ጆሮ ለዛሬዎቹ ልጆች ከነፈገ፣ ከሠላሳ ዓመት በኋላ በሚደረግ ውድድር ላይም «የማንን ልትዘፍን ነው?» የተባለ ልጅ የሚጠራው ስም ያው የዛሬው ይሆናል። በመካከል የነበረው ትውልድ ሁሉ የሰው ዘፈን ሲዘፍን ኖሮ ያለፈ ይሆናል ማለት ነው።