የሆቴል አየርና ሙቀት በብቸናና በሞጣ

ብቸናና ሞጣ ሁለቱም ከባሕር ጠለል በላይ ከ2400 ሜትር በሚበልጥ ደጋ ላይ የሚገኙ ከተሞች ናቸው። ቀን ፀሐይ ብትሞቅም፤ ይልቁንም በኅዳርና በታኅሣሥ ሰማዩ ጠርቶ በሚያድርበት ወራት የሌሊቱ ብርድ የበረታ መሆኑን በዚያ ያደረ ነጋዴ ሁሉ ያውቀዋል። እንዲህ ባለው አገር ሆቴል የሚሠራ ባለሀብት የአየር ማቀዝቀዣ መኪናን የሥልጣኔ ምልክት አድርጎ ከሁሉ አስቀድሞ ቢገዛ፤ «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» የተባለው ይደርስበታል።

መኪናው በቦታው ሲሆን መልካም ነው። ዊሊስ ካሪየር የተባለው አሜሪካዊ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1902 የዛሬውን ዐይነት መሣሪያ ያቀደው፤ በብሩክሊን ላለ አንድ ማተሚያ ቤት የአየሩ እርጥበት ወረቀቱን እንዳያበላሽ ነበር። ለድሬዳዋ፣ ለሰመራና ለጋምቤላ ሆቴሎችም ተገቢ ዕቃ ነው። በደጋ ከተማ ግን እንግዳውን የሚያስቸግረው ብርድ፣ የታፈነ አየርና ጭስ ነው።

ስለዚህ ገንዘቡ አስቀድሞ በሕንፃው ላይ ቢውል ይሻላል። በብርዱ ወራት ፀሐይ ወደ ደቡብ ስለምታጋድል፤ የመኝታ ክፍሎች መስኮት ወደ ደቡብና ወደ ምሥራቅ ቢሆን ቀን የገባው ሙቀት በግንቡ ተይዞ ለማታ ይተርፋል። ከቆርቆሮው ጣራ ሥር ኮርኒስ መሥራት፤ በኮርኒሱም ላይ ሙቀት የሚይዝ ንጣፍ መጨመር ሌሊት የሚባክነውን ሙቀት ይቀንሳል። ሆኖም ክፍሉ ፈጽሞ ሊታፈን አይገባም። ከመስኮቱ በላይ የሚከፈትና የሚዘጋ አነስተኛ የአየር መግቢያ፤ ለመታጠቢያ ቤትና ለወጥ ቤት ደግሞ እንፋሎትንና ጭስን ስቦ የሚያስወጣ ቬንቲሌተር ያስፈልጋል።

ከሁሉ የከፋው ግን ብርድን ለመከላከል ሲባል የከሰል ምድጃ ወደ መኝታ ክፍል ማስገባት ነው። ከሰል ሲነድ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ መልክም ሽታም የሌለው ጋዝ ስለሆነ፤ የተኛውን ሰው ሳይነቃ ሊገድለው ይችላል። ከሰሉ ፍም ሆኖ ጭሱ ቢጠፋም አደጋው አይጠፋም። ባለ ሆቴሉ ይህን ፈጽሞ ከልክሎ፤ በምትኩ ተጨማሪ ብርድ ልብስና በባለሙያ በተዘረጋ መስመር የሚሠራ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ማቅረብ ግዴታው ነው።

አስመጪዎችም ሊያስቡበት የሚገባ ነገር አለ። በዚህ ከፍታ አየሩ በባሕር ጠረፍ ካለው ከአምስት አንድ እጅ ያህል የሳሳ ነው። ስለዚህ ለባሕር ጠረፍ ተለክቶ የተሠራ የአየር መንፊያ፤ በተመሳሳይ ፍጥነት ቢሽከረከርም የሚያጓጉዘው ሙቀት በዚያው መጠን ያንሳል። ዕቃው ሲታዘዝ የከተማውን ከፍታ ለፋብሪካው በጽሑፍ ማስታወቅ፤ ባለ ሱቁም ይህንኑ ለገዢው መንገር በኋላ ከሚመጣ ክርክር ያድናል።

ነጋዴ ሞቆትና ንጹሕ አየር ተንፍሶ ያደረበትን ቤት አይረሳም፤ ለመንገድ ጓደኛውም ይናገራል። ይህን አስቦ የሚሠራ ባለ ሆቴል ገንዘቡንም እንግዳውንም ያተርፋል።