በቅድመ ሁኔታ የተሰጠን ነፃነት ማን ይንሳ?

ቅጣቱን ሳይጨርስ የተፈታ ሰው «የተፈታህበትን ግዴታ ጥሰሃል» ሲባል ጥሰቱን የሚያጣራው ማን ነው? ጥያቄው ቀላል ይመስላል። መልሱ ግን አንድ ሰው ቤቱ በማደርና ወህኒ በማደር መካከል ያለውን ልዩነት ይወስናል።

በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ሁለት መንገዶችን አስቀምጧል። የመጀመሪያው ገደብ ነው፤ ቅጣቱ ሳይፈጸም ጥፋተኛው በፈተና ጊዜ ይቆያል። ሁለተኛው አመክሮ ነው፤ ታራሚው የእስራቱን ሁለት ሦስተኛ፣ ዕድሜ ልክ የተፈረደበት ከሆነም 20 ዓመት ከጨረሰ በኋላ ጠባዩ ታይቶ ይለቀቃል። በሁለቱም ወሳኙ ፍርድ ቤት ነው።

ይቅርታ ግን የአስፈጻሚው አካል ሥልጣን ነው። አደጋው ምን እንደሆነ በወ/ሪት ብርቱካን ሚደቅሳ ጉዳይ አይተናል። ከምርጫ 97 በኋላ ታስረው ዕድሜ ልክ የተፈረደባቸው ወ/ሪት ብርቱካን በሐምሌ 1999 ዓ.ም. ከሌሎች የቅንጅት አመራሮች ጋር በይቅርታ ተፈቱ። በ2001 ዓ.ም. ስዊድን ውስጥ ስለ አፈታታቸው የተናገሩት «ይቅርታ መጠየቃቸውን ክደዋል» ተብሎ ተተረጎመ። ፖሊስ ቃላቸውን እንዲያስተባብሉ የሦስት ቀን ጊዜ ሰጣቸው። እርሳቸው ሰነዱን መፈረማቸውን እንዳልካዱ በጽሑፍ ገለጹ። ሆኖም በታኅሣሥ ወር ይቅርታው ተሰረዘና ወደ ቃሊቲ ተመለሱ። አዲስ ክስ አልተመሠረተም፤ ምስክር አልተሰማም። የተፈቱት በመስከረም 2003 ዓ.ም. ነው፤ የግንቦት 2002 ምርጫ ካለፈ በኋላ።

ያኔ ይሠራበት በነበረው አዋጅ ቁጥር 395/1996 መሠረት የይቅርታ ቦርዱ ሰብሳቢ የፍትሕ ሚኒስትሩ ነበሩ። ሚኒስትሩ የዐቃቤ ሕግም የበላይ ናቸው። ከሳሽና መርማሪ በአንድ ወንበር ሲቀመጡ፣ የተከሰሰው ሰው የሚከራከረው ከማን ፊት ነው?

መንግሥት ይቅርታን ያለ ቅድመ ሁኔታ ይስጥ ማለታችን አይደለም። በማታለል የተገኘ ይቅርታ ቢሰረዝ ተገቢ ነው። ማታለል መኖሩ ግን በማስረጃ መረጋገጥ ያለበት ፍሬ ነገር ነው። ስለዚህ ተከሳሹ ክሱን በጽሑፍ ይወቅ፣ በጠበቃ ይመልስ፣ ውሳኔውንም ፍርድ ቤት ይመርምረው።

አዋጁ በ2006 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 840 ተተክቷል። ወ/ሪት ብርቱካንም በ2011 ዓ.ም. የምርጫ ቦርድ ሰብሳቢ ለመሆን በቅተዋል። ዘመን ይለወጣል። በሰጪው ፈቃድ ላይ ብቻ የቆመ ነፃነት ግን፣ ሰጪው ማንም ይሁን፣ ከውሰት አያልፍም።