የሕልም ብዕር ለማን ፊደል?

ጥያቄው የጨዋታ ነው። «ግማሽ ሚሊዮን ብር እጅህ ላይ ቢቀመጥና ብዕር ብቻ ግዛበት ብትባል ምን ትገዛለህ?» የአዲስ አበባ ሰው መልሱ አያስቸግረውም፤ ሞንብላን ይላል። ዕድሜው ገፋ ያለው ደግሞ ፓርከር ይላል፤ አባቱ በኮቱ ደረት ኪስ የሚሰካትን፣ ቀስት የመሰለች መያዣ ያላትን። ከዚያ ወዲያ ጨዋታው ያልቃል።

ችግሩ ማለቁ ነው። ሰው ገንዘብ አጥሮት ያገኘውን ቢይዝ ማንም አይፈርድበትም። ገንዘቡ የሕልም፣ በጀቱም የሕልም ሆኖ ሳለ ምርጫው ሌላ ሰው ለሌላ ፊደል የሠራው ዕቃ ከሆነ ግን ድህነቱ የኪስ አይደለም።

ይኸው ጨዋታ ሰላ ድንጋይ ላይ ቢደረግስ? ሰላ ድንጋይ የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ እናት ወይዘሮ ዘነበ ወርቅ የተቀመጡባት የሰሜን ሸዋ ከተማ ናት። ዛሬ ስሟን አብዛኛው ሰው የሚያውቀው ወደ ጻድቃኔ ማርያም ለጠበል ሲጓዝ ነው። ጻድቃኔ ደግሞ በታሪክ ደብረ ምጥማቅ የምትባለው ናት፤ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ የሰንበትን ክርክር ለመዝጋት እ.ኤ.አ. በ1450 ጉባኤ የሰበሰቡባት። እኒህ ንጉሥ «መጽሐፈ ብርሃን»ን የመሰሉ ድርሳናት በስማቸው የሚጠሩ፣ ተአምረ ማርያም በየቤተ ክርስቲያኑ እንዲነበብ ሥርዓት ያደረጉ ናቸው። በየቤተ ክርስቲያኑ ይነበብ ማለት ደግሞ በየቤተ ክርስቲያኑ ይጻፍ ማለት ነው። ማተሚያ ቤት በሌለበት ዘመን ይህን ትእዛዝ የተሸከመው የቁም ጸሐፊ እጅና የመቃ ብዕር ነው። እንግዲህ ግማሽ ሚሊዮኑ የሚሰጠው ለዚህ ሙያ ወራሽ ነው እንበል። ሞንብላኑ ምን ይረባዋል?

ሞንብላን መጥፎ ብዕር ስለሆነ አይደለም። ማይስተርሽቱክ 149 የሚባለው እ.ኤ.አ. ከ1952 ጀምሮ የሚሠራ፣ ጫፉ የወርቅ፣ ዋጋው ከሺህ ዶላር የሚሻገር ዕቃ ነው። ጫፉ ላይ 4810 የሚል ቁጥር ተቀርጾበታል፤ የሞንብላን ተራራ ከፍታ በሜትር። የሰሜን ተራሮች አገር ሰው የአልፕስን ከፍታ ደረቱ ላይ ሰክቶ መሄዱ የሚያስቅ ነገር አለው፤ ይሁን። ቁም ነገሩ ያለው ከቁጥሩ ዝቅ ብሎ፣ ወረቀቱን በሚነካው ቦታ ነው። በተለመደው የቀለም ብዕር ላይ እዚያ ቦታ ጤፍ የምታክል ጠንካራ ብረት ትበየዳለች። ድቡልቡል ናት። ድቡልቡል ነገር ወደ ላይም ወደ ጎንም ሲሄድ የሚተወው መስመር አንድ ዓይነት ነው። ተያይዞ ለሚጻፍ የላቲን የእጅ ጽሕፈት ይህ ይመቻል።

የግእዝ ፊደል ግን እንዲህ አልተሠራም። አንድ የብራና መጽሐፍ ገልጦ «በ»ን ያየ ሰው ያውቀዋል፤ ሁለቱ እግሮች ወፍራም፣ ጣሪያው ቀጭን ነው። ቋሚው ይከብዳል፣ አግዳሚው ይቀላል። የፊደሉ ግርማ የሚመጣው ከዚህ ነው፤ ይህን የሚያወጣው ደግሞ ጌጥ ሳይሆን የመቃው አቆራረጥ ነው። ቁም ጸሐፊው መቃውን በቢላ ይቀርጽና ጫፉን ቀጥ አድርጎ ይቆርጠዋል፤ ድቡልቡል አያደርገውም። ሲደንዝ እንደገና ይቆርጠዋል። ወርቅ የለበትም፣ ዋስትና የለበትም፣ አገልግሎት ማዕከል አይላክም።

ሌላም አለ። አማርኛ ትርጉሙን የሚሸከመው በጥቃቅን ምልክቶች ነው። «ሉ» እና «ሊ»ን የሚለየው ቅጥያው ወገብ ላይ መሆኑና እግር ላይ መሆኑ ነው። «ቄ» እና «ቤ» ቀለበት አላቸው። ቀለም የሚያበዛ ወፍራም ድቡልቡል ጫፍ ቀለበቱን ይደፍነዋል፣ ቅጥያውን ያደበዝዘዋል። ሺህ ዶላር የወጣበት ብዕር «ቤ»ን ጥቁር ነጥብ አድርጎባት ሲያልፍ ባለቤቱ እጄ ተበላሽቷል ብሎ ራሱን ይወቅሳል። እጁ ምን አደረገ?

ጃፓኖች ይህን ችግር አይተውታል፤ ግን ዝም አላሉም። ሴይለር የተባለው የጃፓን ኩባንያ ናጊናታ ቶጊ የሚባል ጫፍ አለው፤ ብዕሩ ቀና ሲል መስመሩ የሚቀጥን፣ ጋደል ሲል የሚወፍር፣ ለራሳቸው ፊደል ተብሎ በእጅ የሚሳል። የውጭውን ዕቃ ወስደው ጫፉን ለፊደላቸው አስገዙት። እዚህ ግን ለዕቃው የተገዛው ፊደሉ ሆነ።

የሚያስገርመው፣ ዛሬ በገበያ ካሉት ውስጥ ለግእዝ ፊደል የሚቀርቡት ከርካሾቹ ወገን መሆናቸው ነው። ፓይለት ፓራለል የሚባል የፕላስቲክ ብዕር አለ፤ ጫፉ ሁለት ጠፍጣፋ ብረቶች ጎን ለጎን ገጥመው የተሠራ። ላሚ የተባለው የጀርመን ፋብሪካም ቀጥ ተደርጎ የተቆረጠ ባለ 1.1 ሚሊሜትር ጫፍ ይሸጣል። የሁለቱም ዋጋ ከሞንብላኑ ጋር አይነጻጸርም። «በ»ን ግን «በ» ያስመስሏታል። የሕልም በጀት ይዞ ይህን ሳያውቅ ወደ ወርቁ የሚሮጥ ሰው የሚፈልገው መጻፊያ አይደለም፤ መታያ ነው።

መታያነቱ ከየት መጣ? ከፊርማ። ውድ ብዕር እዚህ አገር የሚወጣው ውል ሲፈረም፣ ሪባን ተቆርጦ ሰነድ ሲለዋወጡ፣ ካሜራ ሲደቀን ነው። በድሮው ሥርዓት ግን ብዕር የፈራሚ ዕቃ አልነበረም። የ19ኛው ክፍለ ዘመን ነገሥታት ደብዳቤ የሚታወቀው በማኅተሙ ነው፤ ማኅተም የንጉሥ፣ ብዕር የጸሐፊ ነበር። የጸሐፊው ክብርም ትልቅ ነበር፤ ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮች ሲሾሙ ጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ የጽሕፈት ሚኒስትር ሆነዋል። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተደረገው የውጫሌ ውል አገርን ጦርነት ውስጥ የከተተው በ17ኛው አንቀጽ ላይ የአማርኛውና የጣሊያንኛው ግሥ ባለመግጠሙ ነው፤ በምን ብዕር እንደተፈረመ የሚጠይቅ የለም። ዛሬ የሚጽፈው ሰው ቢክ ይዞ፣ የሚፈርመው ሰው ወርቅ ይዟል። በየፍርድ ቤቱ ደጃፍ ዣንጥላ ሥር ተቀምጦ የሰው አቤቱታ የሚጽፈው ራፖር ጸሐፊ ቀኑን ሙሉ ይጽፋል፤ ከባለሞንብላኑ ብዙዎቹ ግን በወር አንድ ገጽ በእጃቸው መጻፋቸውም ያጠራጥራል።

«ሰው በገዛ ገንዘቡ ያሻውን ይግዛ፣ ምን አገባችሁ» የሚል አይጠፋም። ይግዛ። ብዕር እንደ ሰዓት ጌጥ ነው ካለም እውነቱን ነው፤ ብቻ ጌጥ ገዛሁ ይበል፣ የጽሕፈት ፍቅር አለኝ አይበል። «አሁን ሁሉም በስልክ ነው የሚጽፈው» የሚለው ግን ከዚህኛው ይከብዳል። ቁም ጸሐፊዎችም ራሳቸው የፋብሪካ ቀለም መግዛት ከጀመሩ ቆይተዋል፤ ጥላሸትና የተቃጠለ እህል አዋህዶ፣ ወራት አቆይቶ ቀለም ማውጣት ትዕግሥትም ጊዜም ይጠይቃል፣ ገዢ ደግሞ የለም። የሕልም በጀት የሚያስፈልገው ታዲያ ለዚህ አልነበረም እንዴ? ገበያ የማይከፍልበትን ነገር ለማሰብ?

ቀለሙ ራሱ ሌላ ጣጣ ነው። የጥላሸት ቀለም የቀለም ብዕር ውስጥ ቢገባ የመፍሰሻውን ቀጭን ቦይ ይደፍነዋል። በብዕር የሚሞላው የፋብሪካ ቀለም ደግሞ አብዛኛው በውኃ የሚታጠብ ነው፤ የጠላ ጠብታ ያረፈበት ውል ይሟሟል። ብራና ላይ ያለው ጥቁር ግን ስንት መቶ ዓመት ጢስና እርጥበት ችሎ ዛሬም ይነበባል። እዚህም ጃፓኖች ቀድመዋል፤ ፕላቲነም የተባለው ኩባንያ እጅግ በላመ ካርቦን የተሠራ፣ ብዕር የማይደፍን፣ ውኃ የማያስለቅቀው ጥቁር ቀለም ይሸጣል። ስለዚህ አይቻልም ማለት አይቻልም።

የከፍታው ነገርም አለ። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ደብረ ብርሃንን አልፎ ወደ ጣርማ በር የሚወጣ ሰው ብዕሩን በግማሽ ሞልቶ ኪሱ ከከተተ፣ ዳገቱ ላይ ውስጡ ያለው አየር ይለጠጥና ቀለሙን ወደ ክዳኑ ሊገፋው ይችላል። ያን ጊዜ ብዕሩን ከፍቶ ሲይዝ ጣቱ ይጠቁራል። ሙሉ አድርጎ ወይም ባዶ አድርጎ መጓዝ ነው መላው። ወርቅ ከዚህ አያድንም።

ግማሽ ሚሊዮኑ እንግዲህ በዚህ ይውጣ፦ አንድ ጫፍ የሚስል ባለሙያና አንድ ቁም ጸሐፊ ለሁለት ወር ጎን ለጎን ይቀመጡ፣ አበላቸው ይከፈል። ጸሐፊው በመቃ «ሀ» ብሎ ጀምሮ እስከ «ፐ» ይጻፍ፤ ሳዩ ብረቱን ያን መስመር እስኪያወጣ ይሳለው። ቀለበቱ እንዳይደፈን፣ ቅጥያው እንዳይጠፋ፣ ጣሪያው እንዳይወፍር። የተረፈው ወረቀት ይግዛ፤ የሱቁ ደብተር ቀለም እየጠጣ ፊደሉን ጠጉር ያበቅልበታልና። የብዕሩ ገላ ከፕላስቲክ ቢሆንም አያስነውርም፤ የበሬ ቀንድ ቢሆን ግን ይበልጥ ያምራል፤ ቁም ጸሐፊው ቀለሙን የሚያኖረውም በቀንድ ነውና።